ፎርማት ጥገና አይደለም

ደብረ ታቦር ውስጥ አልነሳ ያለ ላፕቶፕ ይዞ ጥገና ቤት የገባ ሰው ብዙ ጊዜ ፍርዱን የሚሰማው ማሽኑ ሳይመረመር ነው፤ «ዊንዶው ጠፍቷል፣ ፎርማት ይደረጋል»። ማጽናኛም ይታከልበታል፤ «አይዞህ፣ የሚጠፋው ሲ ብቻ ነው፤ ዲ አይነካም»።

ዴስክቶፕ፣ ዶክመንትስና ዳውንሎድስ ግን፣ ባለቤቱ ካላዛወራቸው በቀር፣ የሚቀመጡት እዚያው ሲ ላይ ነው። ተማሪው የመመረቂያ ጽሑፉን፣ መምህሩ የፈተና ጥያቄውን፣ ፎቶ ቤቱ የሠርጉን ምስል የሚያኖረው ደግሞ ዓይኑ ሥር፣ ዴስክቶፕ ላይ ነው። «ሲ ብቻ» ማለት ለአብዛኛው ደንበኛ «ሁሉም» ማለት ነው።

የብልሽቱ መነሻ ብዙ ጊዜ ቀላል ነው። ባትሪው የሞተ ላፕቶፕ ቻርጀር ላይ ተሰክቶ ይሠራል፤ ዊንዶውስ ራሱን እያሻሻለ ሳለ መብራት ይሄዳል፤ በጽሕፈት ላይ የነበረው የሲስተም ፋይል ግማሹ ተጽፎ ግማሹ ይቀራል። የተጎዳው ማስነሻው እንጂ የባለቤቱ ሰነድ አይደለም። ሰነዱን የሚያጠፋው ጠጋኙ ነው።

የሚያናድደው መድኃኒቱ በእጁ መሆኑ ነው። ለፎርማት በሚሰካው የዊንዶውስ 10 መጫኛ ፍላሽ ላይ፣ «ጫን» ከሚለው ቁልፍ በስተግራ ታች «ኮምፒውተሩን ጠግን» የሚል ምርጫ አለ። በዚያ ተገብቶ የማስነሻ ጥገናውን መሞከር፣ ኮማንድ ፕሮምፕት ከፍቶ በሲስተም ፋይል ቼከር የተበላሹትን ፋይሎች ማስመርመርና ማስተካከል ይቻላል። ይህ ኢንተርኔት አይፈልግም። ሁሉም ባይሳካ እንኳ እዚያው ጥቁር መስኮት ላይ ኖትፓድን አስነስቶ፣ «ክፈት» በሚለው በኩል ዴስክቶፑን አግኝቶ ፋይሎቹን ወደ ሌላ ፍላሽ መገልበጥ ይቻላል። ከዚያ በኋላ ፎርማት ቢደረግ ማንም አይከፋውም።

ሐምሌ 12 ቀን 2016 ዓ.ም. ክራውድስትራይክ የተባለው የኮምፒውተር ደኅንነት ኩባንያ የተሳሳተ ማሻሻያ ልኮ፣ በማይክሮሶፍት ግምት 8.5 ሚሊዮን ያህል ኮምፒውተሮች ሰማያዊ ስክሪን ላይ ቀርተው ነበር። በየአገሩ በረራዎች ተሰረዙ። ኩባንያው ለባለሙያዎች የሰጠው መመሪያ ግን በሴፍ ሞድ ገብታችሁ ጥፋተኛውን ፋይል ሰርዙ የሚል ነበር። ፎርማት አድርጉ አላለም።

ጠጋኞቹ መልስ አላቸው፤ ፋይል ማዳን ሰዓት ይበላል፣ ደንበኛው ይቸኩላል፣ የሚከፍለው ግን ለአንድ ዊንዶው ጭነት ነው። እውነት አላቸው። ከንፋስ መውጫ ወይም ከመካነ ኢየሱስ የመጣ ሰው መኪና ሳያመልጠው መመለስ ይፈልጋል። እንግዲያው የማዳኑ ዋጋ ለብቻው ይነገር፤ ደንበኛው ይምረጥ። ሳይጠየቅ የተወሰነበት ሰው ግን ምን መረጠ? ቢትሎከር የቆለፈውና ባለ 48 አሃዝ ቁልፉ የጠፋበት ማሽን በእርግጥ መላ የለውም፤ ይህ ግን ተመርምሮ የሚታወቅ እንጂ በር ላይ የሚነገር አይደለም። ዲስኩ ራሱ እየሞተ ከሆነ ደግሞ ፎርማት የባሰ ነው፤ አዲሱ ዊንዶውስ አሮጌው ሰነድ ላይ ይጻፋል። በኤስኤስዲ ላይማ የጠፋውን መልሶ ማግኘት እጅግ ጠባብ ዕድል ነው።

«ኢንተርኔት ላይ አላስቀመጥክም?» የሚለው ወቀሳ እዚህ አገር አይሠራም። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተዘግቶ ነበር። በዚያ ጊዜ ለብዙ ሰው የሰነዱ ብቸኛ ቅጂ ያለው ላፕቶፑ ውስጥ ነበር።

ስለዚህ ላፕቶፕዎን ከማስረከብዎ በፊት ባዶ ፍላሽ ይዘው ይሂዱ፤ «መጀመሪያ ዴስክቶፔን ገልብጥልኝ፣ ዋጋውንም ንገረኝ» ይበሉ። አይቻልም የሚል ጠጋኝ ለምን እንደማይቻል ማሽኑን ከፍቶ ያሳይዎ። ካላሳየ ላፕቶፑን ተቀብለው ወደ ሌላ ይሂዱ።