አንድ ዜማ፣ ሁለት ግጥም

«የኮምፒዩተር ጨዋታ ገዳይን ጀግና እያደረገ ልጆቻችንን አበላሸብን» የሚለው ክስ ሰልችቶኛል። ከሳሾቹ አንዱንም ጨዋታ ቀምሰውት የሚያውቁ አይመስለኝም። እስቲ ቤቴስዳ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2002 ያወጣውን «ሞሮዊንድ»ን እንመልከት።

በዚያ ምናባዊ ዓለም ታይበር ሴፕቲም የሚባል ንጉሠ ነገሥት ነበር። ታምሪኤል የተባለችውን አህጉር በጦር አንድ አድርጎ ገዛ፤ ሲሞትም «ታሎስ» ተብሎ ከአማልክት ተቆጠረ። የቤተ መንግሥቱ ታሪክ ይህ ነው። ታዲያ እዚያው ጨዋታ ውስጥ ተጫዋቹ ከመደርደሪያ አንሥቶ የሚያነበው የመናፍቅ መጽሐፍ አለ። እንደ መጽሐፉ ከሆነ ሰውየው የተወለደው በሰሜኑ የጀግኖች ምድር አይደለም፤ የጠላትን ምሽግ ያፈረሰው አስገምጋሚ ድምፅም የሌላ ሰው እንጂ የእሱ አልነበረም። የመጨረሻውን ድል ደግሞ ያስገኘለት ኑሚዲየም የተባለ ግዙፍ የናስ ሰው ነው። እውነቱ የቱ ነው? ጨዋታው አይፈርድም። ከከሳሾቹ መካከል ስለ አንድ ንጉሥ ሁለት ታሪክ ለልጁ የነገረ አለ?

እ.ኤ.አ. በ2011 በወጣው «ስካይሪም» ኡልፍሪክ የተባለ መስፍን ንጉሡን ይገድላል። ወገኖቹ በጥንቱ ሥርዓት የተደረገ ፍልሚያ ነው ይላሉ፤ ጠላቶቹ ነፍስ ግድያ ይሉታል። የየመጠጥ ቤቱ አዝማሪዎች (ይህን ያሰበው ሰው ብሩክ ነው!) በአንድ ዜማ ሁለት ግጥም ያወርዳሉ፤ አንዱ ኡልፍሪክን ያነግሣል፣ ሌላው ሞቱን ይመኛል።

እንከን የለውም አልልም። ተጫዋቹ ራሱ የዘንዶ ነፍስ ይዞ የተወለደ፣ ትንቢት የተነገረለት ጀግና ነው፤ ስለ እሱ የሚጠራጠር የመናፍቅ መጽሐፍ ግን በየትኛውም መደርደሪያ አላገኘሁም።