ጭብጨባ ዕዳ አይከፍልም

የቢዮንሴ ፊልም በተነሣ ቁጥር ግቢው ለሁለት ይከፈላል። አንደኛው ወገን «ንግሥት ናት፣ አለቀ!» ብሎ ይሰግዳል። ሌላው ወገን ፊልሙን ሳያይ «የአሜሪካ ዳንኪራ ለኛ ምናችን ነው?» ብሎ ያጣጥላል። እኛ ከሁለቱም ጋር አንስማማም። አንደኛው ያየውን አልመረመረም፤ ሁለተኛው ለመመርመር እንኳ አላየም። ነገሩ ግን ለተማሪ ቀላል ነገር አይደለም፤ ፊልሙ ከዘፈኑ ባልተናነሰ ስለ ኮሌጅ ነውና።

ለማያውቁት ባጭሩ እናስረዳ፤ ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። ካሊፎርኒያ ውስጥ፣ ኢንዲዮ በምትባል የበረሃ ከተማ፣ ከ1999 ጀምሮ የሚደረግ ኮቼላ የሚሉት የሙዚቃ ፌስቲቫል አለ። ቢዮንሴ ኖውልስ በ2017 በዋና ዘፋኝነት ልትቀርብ ተይዞ ነበር፤ መንታ አርግዛ ስለ ነበር ለሚቀጥለው ዓመት ተላለፈ። ኤፕሪል 14 እና 21 ቀን 2018 ቀረበች። ያን መድረክ በዋና ዘፋኝነት የያዘች የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት እሷ ናት። ከዓመት በኋላ፣ ኤፕሪል 17 ቀን 2019፣ እሷው ራሷ በዋና አዘጋጅነት የመራችው ፊልም በኔትፍሊክስ ወጣ። ስሙ «ሆምካሚንግ» ነው።

ሆምካሚንግ ማለት ወደ ቤት መመለስ ነው። እኛ አገር ሙሽሮች ወደ ሴቷ ቤተ ሰብ የሚሄዱበትን ድግስ «መልስ» እንደምንለው ያለ ነገር ነው፤ ልዩነቱ የሚመለሱበት ቤት ኮሌጅ መሆኑ ነው። በአሜሪካ፣ ጥቁሮች የነጮቹን ኮሌጅ ደጃፍ እንዳይረግጡ በተከለከሉበት ዘመን ለነሱ የተቋቋሙ ኮሌጆች አሉ፤ ዛሬም መቶ ያህል ናቸው። በያመቱ በመጸው ወራት የቀድሞዎቹ ተመራቂዎች ይመለሳሉ። የኳስ ግጥሚያ አለ፤ ብዙው ሰው ግን ከኳሱ ይልቅ የሚጠብቀው የኮሌጁን ማርሽ ባንድ ነው። ቢዮንሴ ወደ በረሃው ያመጣችው ይህንኑ ነው። እንደ ፒራሚድ ሽቅብ በተደረደረ መቀመጫ ላይ ጥሩምባውን፣ ትሮምቦኑን፣ ከበሮውን፣ ተወዛዋዡን ሰቅላ፣ ከ200 ሰው በላይ ይዛ ቆመች።

ይህ ቤት ለኛም ባዕድ አይደለም። መላኩ በያን ሕክምና የተማረው ከነዚሁ ኮሌጆች በአንዱ፣ በዋሽንግተኑ በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ነው፤ ያገራችን ልጅ ኃይሌ ገሪማም ከ1975 ጀምሮ ለብዙ ዓመታት ፊልም ያስተማረው እዚያው ነው። ስለዚህ «ምን አገባችሁ?» ለሚለን፣ ያገባናል እንላለን።

አሁን ወደ ፍሬ ነገሩ እንግባ።

ፊልሙ ትልቅ ሥራ ነው። ትልቅነቱም ሥራን እንደ ሥራ በማሳየቱ ነው። «ከበሮ በሰው እጅ ያምር፣ ሲይዙት ያደናግር» ይላል የኛ ሰው። የሙዚቃ ፊልም ብዙውን ጊዜ የሚያምረውን ብቻ አሳይቶ የሚያደናግረውን ይደብቃል። ይህኛው አይደብቅም። አራት ወር ከባንዱ ጋር፣ ሌላ አራት ወር ከተወዛዋዦቹ ጋር ልምምድ እንደ ተደረገ ይነግረናል። ሴትዮዋ በእርግዝናዋ ታማ፣ በድንገተኛ ቀዶ ጥገና ወልዳ፣ ከዚያ ዳቦና ስኳር፣ ሥጋና ወተት ትታ ሰውነቷን እንደ ገና ስትሠራ እናያለን። እናት ናት፣ ሠራተኛ ናት፣ የሥራዋም ባለቤት ናት። ይህን የሚክድ ካለ ዓይኑን ጨፍኖ ነው።

አንድ ነገር ግን ልብ እንበል። በመጀመሪያው ሳምንት ልብሱ ቢጫ ነው፣ በሁለተኛው ሮዝ። ፊልሙ ሁለቱን ሌሊቶች እየቆራረጠ ሲያገጣጥም፣ በአንድ ምት መካከል ቢጫው ሮዝ ይሆናል፤ ምቱ አይዛነፍም፣ እርምጃው አይሳትም። ተመልካች «ዋው!» ይላል። ማንን ነው ዋው የሚለው? እሷን። እስቲ እናስበው፤ ይህ ቅያሬ የሠመረው እሷ ብቻ በሳምንቱ ያንኑ እርምጃ ስለ ደገመች ነውን? አይደለም። ከኋላዋ ያለው ትሮምቦን ነፊ በዚያው ደረጃ ላይ፣ በዚያው እግሩ፣ በዚያው ትንፋሹ ስለ ቆመ ነው። ከበሮ መቺዋ እጇን በዚያው ቅጽበት ስላነሣች ነው። ከሁለት መቶ ሰው ሃያው ቢሳሳት ፊልሙ ይበጠስ ነበር። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚባለው እዚህ ላይ በዓይን ይታያል። ግን የድሩን ስም ማን ያውቃል? ያብዛኞቹን ስም የምናገኘው በመጨረሻ፣ ፊደል እየተንከባለለ ሲያልፍ፣ እኛም ቀጥሎ ምን እንይ እያልን ሌላ ስንፈልግ ነው።

የመጀመሪያው ክርክራችን ይህ ነው፤ ከዘፋኟ ይልቅ ከተመልካቹ ጋር ነው። ሁለት መቶ ሰው የሠራውን ለአንድ ሰው ዘውድ አድርጎ መድፋት የተመልካች ስንፍና ነው። ንግሥት ማለት ይቀላል፤ ሙያ መቁጠር ይከብዳል።

ሁለተኛው ክርክራችን ስለ ዕዳ ነው። እዚህ ላይ የፊስክን ታሪክ ማንሣት ያስፈልጋል። ፊስክ በናሽቪል ከተማ በ1866 የተቋቋመ የጥቁሮች ኮሌጅ ነው፤ የቢዮንሴም አባት የተማሩት እዚያ ነው። በ1871 ኮሌጁ ዕዳ ውስጥ ገብቶ ሊዘጋ ተቃረበ። ያን ጊዜ ዘጠኝ ተማሪዎች፣ አብዛኞቹ በባርነት የተወለዱ፣ ገንዘብ ሊያሰባስቡ ለመዝፈን መንገድ ወጡ። የባርነቱን ዘመን መዝሙር ይዘው ከከተማ ከተማ ዞሩ፣ ባሕር ተሻግረውም እንግሊዝ ድረስ ሄዱ። ያገኙትን ለራሳቸው አላደረጉትም። ኮሌጁን ከመዘጋት አዳኑት፤ «ጁቢሊ አዳራሽ» የሚባለውንም ሕንፃ አሠሩበት፤ በ1876 ተመረቀ። ዘፈን ጡብ ሆነ ማለት ነው።

የ1871ዱና የ2018ቱ ዘፈን ከአንድ ቤት የወጡ ናቸው። አንዱ ኮሌጅ ሠራ፤ ሌላው ኮሌጅን አሳየ። ማሳየትም ዋጋ አለው፤ አንክድም። በዚያው በ2018 ቢዮንሴ ከአራት ኮሌጆች ለአንዳንድ ተማሪ 25 ሺህ ዶላር፣ በድምሩ 100 ሺህ ዶላር ሰጥታለች፤ ቆይቶም የጎግል የበጎ አድራጎት ድርጅት ታክሎበት ሌሎች አራት ኮሌጆች ተጨምረዋል፤ ፊስክም ከነዚያ አንዱ ነበር። ለተቀበለው ተማሪ ትልቅ ነገር ነው፤ ወርቅ ላበደረ ጠጠር አንልም። ግን ከዕዳው ጋር ስናስተያየው ምን ያህል ነው?

ዕዳውን እንናገር። በ1890 የወጣው የአሜሪካ ሕግ፣ ለጥቁርና ለነጭ የተለያየ ኮሌጅ ያለው ክፍለ ግዛት የመሬት ስጦታ ኮሌጆቹን ገንዘብ በፍትሕ እንዲያካፍል ያዝዛል። በሴፕቴምበር 2023 የአሜሪካ የትምህርትና የእርሻ ሚኒስትሮች ለ16 ክፍለ ግዛቶች ገዥዎች ደብዳቤ ጻፉ። ደብዳቤው እንደሚለው፣ ከ1987 እስከ 2020 ባለው ጊዜ ለጥቁሮቹ ኮሌጆች ሊሰጥ ይገባ የነበረ፣ ግን ያልተሰጠ ገንዘብ ከ12 ቢሊዮን ዶላር በላይ ነው። ሚሊዮን አላልንም፤ ቢሊዮን ነው። ከዚህ ውስጥ 2.1 ቢሊዮን ያህሉ የአንድ ኮሌጅ ብቻ ነው፤ እሱም ፊስክ ባለበት በዚያው በናሽቪል የሚገኘው የቴነሲ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ነው።

አንባቢ ሆይ፣ የሚገርመው ገና አሁን ነው። በዚያው ዓመት በፌብሩዋሪ፣ ደብዳቤው ከመጻፉ ሰባት ወር ቀደም ብሎ፣ የዚሁ ኮሌጅ ማርሽ ባንድ «ዘ ኧርባን ሂምናል» በሚለው አልበሙ የግራሚ ሽልማት አግኝቷል። የኮሌጅ ማርሽ ባንድ ግራሚ ሲሸለም ያ የመጀመሪያው ነበር። የቢዮንሴ ፊልም በ2020 ግራሚ ሲያገኝ ዓለም ሁሉ ሰምቷል። የተማሪዎቹን ግን ከግቢያችን ስንቱ ሰማ? በሌላ ሰው ጀርባ ሳይቆሙ፣ በራሳቸው ስም፣ በራሳቸው ጥሩምባ አሸነፉ፤ ኮሌጃቸው ግን ሁለት ቢሊዮን ዶላር የተነፈገ ኮሌጅ ነው። ጭብጨባውን ሰጧቸው፣ ገንዘቡን ያዙባቸው!

እዚህ ላይ የሚነሣብንን ተቃውሞ እናውቀዋለን። «ታዲያ ዘፋኝ የመንግሥትን ዕዳ ትክፈል ነው የምትሉት?» ይሉናል። ኧረ አላልንም! ዕዳው የክፍለ ግዛቶቹ ነው፤ ከፋዮቹም እነሱ ናቸው። እኛ የምንለው ሌላ ነው። ፊልሙን አይቶ፣ አልቅሶ፣ አጨብጭቦ «አሁንስ የነዚህ ኮሌጆች ክብር ተመለሰ» ብሎ የሚተኛ ተመልካች አለ። ለሱ ዕዳው የተከፈለ ይመስለዋል። የሚያምር ምስል አደጋው ይህ ነው፤ ቤቱን አስጊጦ ሲያሳይህ የሚያፈሰውን ጣራ ያስረሳሃል። ፊልሙ ስለ ጣራው አልዋሸም፤ ግን ካሜራው ወደዚያ ቀና አላለም።

ሁለተኛም «እሷ ባትኖር ማን ያያቸው ነበር?» ይሉናል። ይህ ግማሽ እውነት ነው። ሌላውን ግማሽ ኃይሌ ገሪማን ጠይቁት። «ሳንኮፋ»ን በ1993 ሲጨርስ የአሜሪካ ፊልም አከፋፋዮች ፊታቸውን አዞሩበት። እሱና ባለቤቱ ሺርኪያና አይና ሲኒማ ቤት ራሳቸው እየተከራዩ፣ ከከተማ ከተማ እየዞሩ አሳዩት፤ ሕዝቡም መጥቶ አየው። ኔትፍሊክስ «ሳንኮፋ»ን ያሳየው በ2021 ነው። ቢዮንሴ ከመድረኩ እስከዚያ መስኮት የቆየችው አንድ ዓመት ነው፤ የባርነትን ታሪክ የያዘው የሃዋርዱ መምህር ፊልም ግን 28 ዓመት ቆየ። እንግዲህ የሚታየው ዝነኛው ብቻ ከሆነ፣ ጥፋቱ ያልታየው ሰው ነው ወይስ መስኮቱን የያዘው? ኃይሌ መስኮቱ እስኪከፈት አልጠበቀም፤ ከተመልካቹ ጋር ሌላ በር ከፈተ። ቢዮንሴም ብትሆን ፊልሟን በራሷ ኩባንያ ሠርታ የራሷን ምስል በራሷ እጅ ይዛለች። በዚህ ሁለቱ ይመሳሰላሉ፤ ከሁለቱም ልንማር የሚገባን ይኸው ነው።

የምንማረውም ወሬ ሆኖ እንዳይቀር በተግባር እንናገረው። የግቢያችን የኪነት ቡድን መድረክ በወጣ ቁጥር ሁላችንም የምናውቀው የድምፃዊውን ስም ነው። ክራር የመታው ማነው? ከበሮውን ከምሽት እስከ ምሽት የያዘችው ልጅ የማን ክፍል ተማሪ ናት? ልምምዱ ስንት ሳምንት ፈጀ? መሣሪያው በማን ገንዘብ ተገዛ? የሚመልስ የለም፤ የጻፈው የለማ! ይህ መጽሔት በሚቀጥለው እትሙ የመድረክ ዘገባ ሲያወጣ የሁሉንም ስም፣ ከመብራት ሠራተኛው ጭምር፣ እንዲያትም እንጠይቃለን። ስሙን የማናውቀው ሰው ምን እንደ ተነፈገ ልናውቅለት አንችልም።

ፊልሙን ያላያችሁ እዩት። ያያችሁ ደግሞ እንደ ገና እዩት፤ በዚህኛው ዙር ግን ዓይናችሁን ከመሐል አንሥታችሁ ወደ ፒራሚዱ ላይ ውጡ፤ በስተግራ ያለውን አንዱን ትሮምቦን ነፊ ምረጡና ከቢጫው እስከ ሮዙ እሱን ብቻ ተከተሉ። ሲያበቃም ማያ ገጹን አትዝጉ፤ ስሞቹ እስኪያልቁ ተቀምጣችሁ አንብቡ።