«ፖዘቲቭ» ውጤት ብቻውን የጽንስ መቋረጥን ምክንያት አይናገርም

ጽንስ ለተቋረጠባቸው እናቶች ከሚታዘዙ ምርመራዎች አንዱ የቶክሶፕላዝማ ምርመራ ነው። ይህ ጥገኛ ተውሳክ ባልበሰለ ሥጋ እንዲሁም በድመት ዓይነ ምድር በተበከለ አፈር፣ ውኃና አትክልት አማካኝነት ይተላለፋል። አንዲት ሴት በእርግዝና ወቅት ለመጀመሪያ ጊዜ ከተያዘች ተውሳኩ በእንግዴ ልጅ በኩል አልፎ ጽንሱን ሊጎዳ፣ ሊያቋርጥም ይችላል።

ችግሩ የውጤቱ አተረጓጎም ነው። ምርመራው በአብዛኛው የሚፈልገው ተውሳኩን ሳይሆን ሰውነት የሠራበትን ፀረ እንግዳ አካል ነው። አይ ጂ ጂ የተባለው ዓይነት አንዴ ከተፈጠረ ዕድሜ ልክ ይቆያል። በኢትዮጵያ ብዙ ሴቶች ከማርገዛቸው ከዓመታት በፊት በተውሳኩ ስለሚያዙ፣ ውጤቱ የቆየ ጠባሳ እንጂ ትኩስ ቁስል ላይሆን ይችላል። የአዲስ ሕመም ምልክት የሚባለው አይ ጂ ኤምም ለወራት፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ በደም ውስጥ ይቆያል።

ስለዚህ ሁለቱን አጣምሮ ማየት፣ ከ2 እስከ 3 ሳምንት ቆይቶ ደሙን ደግሞ መመርመር፣ ሲቻልም አይ ጂ ጂ ከተውሳኩ ጋር የሚጣበቅበትን ጥንካሬ መለካት ይገባል። ጥንካሬው ከፍተኛ ከሆነ ሕመሙ የቅርብ ጊዜ አይደለም።

ይህ ሳይደረግ ሲቀር እናቲቱ የማያስፈልጋትን መድኃኒት ትወስዳለች፤ የማሕፀን፣ የሆርሞን ወይም የስኳር ችግር ካለም ሳይፈተሽ ያልፋል። በተለይ ጽንስ በተደጋጋሚ ሲቋረጥ፣ ቀድሞ የዳበረው የመከላከል አቅም ጽንሱን በአብዛኛው ስለሚጠብቅ፣ ተውሳኩን ብቻ ተጠያቂ ማድረግ አይገባም። ሐኪሙም ታካሚዋም «ተይዛለች ወይ?» ብቻ ሳይሆን «መቼ?» ብለው ሊጠይቁ ይገባል።