የሥራ ዝርዝርን በስልክ ስለ ማሰናዳት

«በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» የሚለው ብሂል አማርኛን በመማር ላይ የሚገኝ ሹም አስቀድሞ ሊይዘው የሚገባ ቃል ነው። በመሥሪያ ቤት የሚውል ሰው በአንድ ቀን ውስጥ ከአለቃው ትእዛዝን፣ ከባልደረባው ጥያቄን፣ ከባለጉዳዩ አቤቱታን፣ ከቤቱም መልእክትን ይቀበላል። ይህን ሁሉ በልቡ ይዞ ለመዋል የሚሞክር እንደ ሆነ አንዱን ሲይዝ ሌላው ያመልጠዋል። ያመለጠውም ነገር ለሹሙ ትንሽ ቢመስል፣ ከገጠር ተነሥቶ ለመጣው ባለጉዳይ ግን የብዙ ቀን ስንቅና የማደሪያ ኪራይ ነው።

ይህን ሸክም የሚያቃልል የሥራ መዝገብ ዛሬ በእጅ ስልክ ውስጥ ይገኛል። ዐይነቱ ብዙ ስለ ሆነ፣ ለምሳሌ ያህል ማይክሮሶፍት የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2017 ያወጣውን ቱ ዱ የተባለውን መተግበሪያ እንመልከት። ያለ ክፍያ ይገኛል፤ በስልክም በኮምፒዩተርም ይሠራል፤ በአማርኛ ፊደልም ይጻፍበታል። መጫኑ የጥቂት ደቂቃ ሥራ ነው፤ ማሰናዳቱ ግን ማስተዋልን ይጠይቃል።

በመጀመሪያ ዝርዝሮችን ማብዛት አይገባም። ሦስት ይበቃሉ፤ እነርሱም «መሥሪያ ቤት»፣ «ቤት» እና «ከሌላ ሰው የምጠብቀው» የሚባሉት ናቸው። ሦስተኛው ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። ሆኖም ከሒሳብ ክፍል የሚጠበቅ መልስ ወይም ለፊርማ የተላከ ዶሴ ካልተመዘገበ፣ በሰው ጠረጴዛ ላይ ተኝቶ ይቀራል። የቤቱን ዝርዝር ባልና ሚስት በጋራ ሊይዙት ይችላሉ፤ መተግበሪያው አንዱን ዝርዝር ለሌላ ሰው ማካፈልን ይፈቅዳልና። እንዲህ ከሆነ የልጆች የትምህርት ቤት ክፍያ ቀንና ከገበያ የሚገዛው ሽንኩርትና ዘይት በእናት ትዝታ ላይ ብቻ አይወድቅም።

ሁለተኛው ነገር አጻጻፉ ነው። ብዙ ሰው «የውሃ ጉዳይ» ብሎ ይጽፍና በሦስተኛው ቀን ሲያነበው ምን ሊያደርግ አስቦ እንደ ነበር ይጠፋዋል። የአማርኛ ዐረፍተ ነገር የሚዘጋው በግስ ነው፤ የሥራ ዝርዝርም እንዲሁ በግስ መዘጋት አለበት። ስለዚህ «ስለ ውሃው መሥመር ለኢንጂነሩ ደብዳቤ መጻፍ» ተብሎ ይጻፍ። ሥራው ሰፊ የሆነ እንደ ሆነ በሥሩ ደረጃ በደረጃ መከፋፈል ይቻላል፤ መጀመሪያ ዶሴውን ማስወጣት፣ ቀጥሎ ደብዳቤውን ማርቀቅ፣ ከዚያም ማስፈረም። ቋንቋውን ለሚማር ሹም ደግሞ ይህ እጥፍ ጥቅም አለው። መጻፍ፣ መላክ፣ መጠየቅ፣ መፈረም፣ መመለስ የሚሉትን ቃላት በየቀኑ በእጁ ስለሚጽፋቸው፣ የመሥሪያ ቤቱን አማርኛ ሳይታወቀው ይለምደዋል።

ሦስተኛው የቀንና የሰዓት ነገር ነው፤ እዚህ ላይ ልዩ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ስልኩ ሰዓትን የሚቈጥረው ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ ሲሆን በኢትዮጵያ ግን ቈጠራው የሚጀምረው ከጧትና ከምሽት 12 ሰዓት ነው። ጸሓፊው «ስብሰባው ጧት በ3 ሰዓት ነው» ቢል በስልኩ ላይ የሚሞላው 9 ሰዓት ነው፤ «ከቀትር በኋላ በ8 ሰዓት» ቢል ደግሞ 14 ሰዓት ነው። የሰማውን 3 እንዳለ ያስገባ ሰው ስልኩ ሌሊት በ9 ሰዓት ከእንቅልፉ ይቀሰቅሰዋል፤ ስብሰባው ሲደርስም ዝም ይለዋል። ቀኑም እንደዚሁ ነው። ጥቅምት 10 ቀን በአውሮፓውያን አቈጣጠር ኦክቶበር 20 ይውላል፤ ጳጉሜን 6 ቀን ሆና ካለፈች በኋላ በሚመጣው ጥቅምት ግን ኦክቶበር 21 ይሆናል። ስለዚህ ኢትዮጵያዊውን ቀንና ሰዓት ከሥራው ስም ጋር በአማርኛ ጽፎ፣ ደወሉን በስልኩ አቈጣጠር መሙላት ከስሕተት ያድናል።

አራተኛው ልማድ ነው። መተግበሪያው «የእኔ ቀን» የሚባል ገጽ አለው። ይህ ገጽ በየሌሊቱ ባዶ ይሆናል፤ ያልተፈጸመው ሥራ ከየዝርዝሩ ባይጠፋም፣ በማግሥቱ የሚሠራውን ባለቤቱ ራሱ እንደ ገና ይመርጣል። ምርጫው ከአምስት ሥራ ባይበልጥ መልካም ነው፤ ሃያ ሥራ የጻፈ ሰው ማታ በኀዘን ይገባልና። ከቢሮ ከመውጣት በፊት ዐሥር ደቂቃ ወስዶ የተረፈውን ሥራ በቀኑ መመደብም ለቤተ ሰብ የሚተርፍ ጥቅም አለው። ማሲካምፖና ባውማይስተር የተባሉ የሥነ ልቡና ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2011 ባሳተሙት ጥናት፣ ያልተፈጸመ ሥራ አሳብን እንደሚያውክ፣ ነገር ግን እንዴት እንደሚፈጸም በዝርዝር ከታቀደ፣ ገና ሳይሠራ እንኳ ሁከቱ እንደሚበርድ አሳይተዋል። ከልጆቹ ጋር ማዕድ ቀርቦ አሳቡ በቢሮ የሚዞር አባት ይህን ልብ ይበል።

ከዚህ ሁሉ ጋር ልክን ማወቅ ይገባል። ዉንደርሊስት የተባለውን መሰል መተግበሪያ ይኸው ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2015 ገዝቶ በ2020 ዘግቶታል፤ የተጠቀሙበትም ሰዎች ዝርዝራቸውን ወደ ሌላ ማዛወር ነበረባቸው። እንግዲህ የመንግሥት ጉዳይ ማስረጃው በመዝገብ ቤት ያለው ዶሴ መሆኑ አይዘንጋ፤ በስልክ ያለው የግል ማስታወሻ ነው። የባለጉዳይን ስምና ምስጢርም በግል ስልክ ላይ መጻፍ ስለማይገባ የዶሴው ቍጥር ይበቃል።

ባለጉዳይን «ነገ ይመለሱ» ማለት ለአፍ ቀላል ነው። ይህን የተናገረ ሹም ሰውዬው ከበሩ ሳይወጣ በፊቱ ይመዝግበው፤ ቀኑንና ሰዓቱንም ይሙላ። በማግሥቱ ባለጉዳዩ ተመልሶ ዶሴው ተዘጋጅቶ ቢጠብቀው፣ የሹሙ አማርኛ ገና ያልጠራ ቢሆን እንኳ ሥራው ይናገርለታል።