ነገን በ‹ዊል› ብቻ?

ቲክቶክና ቴሌግራም ላይ እንግሊዝኛ የሚያስተምሩ ገጾችን የምትከታተሉ ከሆነ ይህችን ሠንጠረዥ ሳታዩዋት አትቀሩም፦ የትናንቱ በዚህ፣ የዛሬው በዚህ፣ የነገው ደግሞ በ‹ዊል›። አለቀ! ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ትምህርቱን ሁሉ በእንግሊዝኛ የተማርን ልጆች እንኳ ብዙዎቻችን ይዘን የወጣነው ይህንኑ ነው። እኔ ግን ‹ዊል› ብቻውን ነገን አይሸከምም ባይ ነኝ። የሚገርመው፣ ልዩነቱን አማርኛችን ድሮም ያውቀዋል።

እስቲ ጠረጴዛ ጫፍ ላይ የሚንገዳገድ ብርጭቆ አስቡ። ምን ብላችሁ ትጮኻላችሁ? «ሊወድቅ ነው!» እንጂ «ይወድቃል!» የሚል የለም። ሰማዩ ሲጠቁርም «ሊዘንብ ነው» እንላለን፤ ምልክቱ ዓይናችን ፊት ነዋ። እንግሊዝኛም እዚህ ቦታ ላይ «ኢትስ ጎይንግ ቱ ሬይን» ይላል። ምልክት ሳይኖር ከራሳችን ስንገምት ግን፣ ለምሳሌ «አርሰናል የሚያሸንፍ ይመስለኛል» ስንል፣ ያኔ ‹ዊል› ቦታው ነው።

ወደ ዕቅድ እንምጣ። ስልክ ሲጮህ «እኔ አነሳዋለሁ» ካላችሁ፣ እዚያው የወሰናችሁት ስለሆነ ‹ዊል› ነው። ቃል ስትገቡም እንደዚያው። ቀድማችሁ ያሰባችሁበት ከሆነ ‹ጎይንግ ቱ› ይመጣል። ከሰው ጋር ቀጠሮ ከያዛችሁ ደግሞ «አይ አም ሚቲንግ ሂም ቱሞሮ»። የአውቶቡስና የአውሮፕላን ፕሮግራም ሲሆን «ዘ በስ ሊቭስ ቱሞሮ» ብሎ በአሁን ጊዜ ያልፈዋል። ሃድልስተንና ፑለም እ.ኤ.አ. በ2002 ባሳተሙት ትልቁ የካምብሪጅ ሰዋስው፣ እንግሊዝኛ ለወደፊት ጊዜ የተለየ የግስ ቅርጽ የለውም ብለው ይከራከራሉ፤ ‹ዊል›ንም ከ‹ካን› እና ከ‹መስት› ጎራ ነው የሚመድቡት።

«ታዲያ ሰው እስከተግባባ ድረስ ምን ቸገረ?» የሚል አይጠፋም። ገበያ ላይ እውነት ነው፣ ምንም አይደል። ግን የሥራ ቃለ መጠይቅ ላይ «የሚቀጥለው ዓመት ዕቅድህ ምንድነው?» ተብሎ ሁሉንም በ‹ዊል› የሚደረድር ልጅ፣ ተመዝግቦ የከፈለበት ኮርስ እንኳ አሁን ትዝ ያለው ምኞት ሊመስልበት ይችላል። ኢኮኖሚክስ ስንማር ዕቅድ፣ ትንበያና ቃል ሦስት የተለያዩ ነገሮች ነበሩ። ሰሚው በየትኛው እንደሚተማመን የሚያውቀው ከአነጋገራችን ነው።

ትንበያ ላይ ደግሞ ነገሩ ይብሳል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ ስልኬ «ዶላር እዚህ ይገባል» በሚሉ ትንቢቶች ተሞልቶ ነበር። ማንም «ሊገባ ይችላል» አላለም! የኢኮኖሚ ሪፖርቶችን በእንግሊዝኛ ስታነቡ ግን ‹ማይት›፣ ‹ኢዝ ላይክሊ ቱ›፣ ‹ኢዝ ፕሮጀክትድ ቱ› እያሉ ነው የሚሄዱት። እኛም እኮ አለን፦ «ይጨምር ይሆናል» ስንል እየጠረጠርን ነው፣ «ሊጨምር ይችላል» ስንል በሩን ክፍት እየተውን፣ «ሳይጨምር አይቀርም» ስንል ደግሞ እርግጠኛ ወደ መሆን ተጠግተናል። ‹ማይት›ን፣ ‹ኩድ›ን እና ‹ፕሮባብሊ›ን ከእነዚህ ጋር አጣምሮ ማስተማር ምን ይከብዳል?

አማርኛው የሚያሳስትበት ቦታም አለ፤ አልክድም። ከወንበራችን ተነስተን «መጣሁ!» ስንል ገና መሄዳችን ነው። ይህን በእንግሊዝኛ ቃል በቃል ብትሉት ፈረንጁ «ከየት?» ሊላችሁ ነው። ትክክለኛው «አይል ቢ ራይት ባክ» ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳትበት «ዌን አይ ዊል ፊኒሽ፣ አይ ዊል ኮል ዩ» ግን መፍትሔው እዚሁ እጃችን ላይ አለ። በአማርኛ «ስጨርስ እደውላለሁ» ነው የምንለው። ‹እደውላለሁ› ላይ ያለችው ‹-አለሁ› ‹ስጨርስ› ላይ የለችም። እንግሊዝኛውም ‹ዊል›ን የሚወስደው አንዱ ጋ ብቻ ነው፦ «ዌን አይ ፊኒሽ፣ አይ ዊል ኮል ዩ»። አስተማሪ ይህችን አንድ ዓረፍተ ነገር ሰሌዳ ላይ ቢጽፋት ስንት ሰዓት ሽምደዳ በቀረልን!

ስለዚህ ለአስተማሪዎችና ለገጽ ባለቤቶች የምለው፣ ሠንጠረዡን ከመለጠፋችሁ በፊት ከአማርኛው ጀምሩ። እናንተም ለደንበኛ ወይም ለቀጣሪ በእንግሊዝኛ መልእክት ስትልኩ ቆም በሉና ይህን ጠይቁ፦ አሁን ወሰንኩት፣ ቀድሜ አስቤበታለሁ፣ ወይስ ቀጠሮ ይዣለሁ? መልሱን ካወቃችሁ ሰዋስውን መምረጥ አይከብድም።