ከአዲሱ ሥራ በፊት የተሠራውን መጠበቅ
(ስለ መንግሥት በጀት አከፋፈል የቀረበ አሳብ)

የኢትዮጵያ የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ቀን ተጀምሮ ሰኔ 30 ቀን ይፈጸማል። ከዚያ አስቀድሞ የሚኒስትሮች ምክር ቤት ያሰናዳውን ረቂቅ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ያቀርባል፤ እንደራሴዎቹም መርምረው ያጸድቁታል። በዚያ ሰሞን ነጋዴው አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቀው ስለ ግብር ነው፤ የተሰበሰበው ገንዘብ ለምን ሥራ እንደሚውል ግን እምብዛም አይጠይቅም። ይሁን እንጂ ለአስመጭውም፣ ለላኪውም፣ ለባለሱቁም ትርፍና ኪሳራ ሁለተኛው ጥያቄ ከፊተኛው የሚያንስ አይደለም።

ለማስረጃ ያህል የ2017 ዓ.ም. የፌዴራል መንግሥት በጀት መጀመሪያ ሲጸድቅ 971.2 ቢሊዮን ብር ነበር። ከዚህም ውስጥ 451.3 ቢሊዮን ለመደበኛ ወጭ፣ 283.2 ቢሊዮን ለካፒታል ወጭ፣ 222.7 ቢሊዮን ለክልሎች ድጎማ፣ 14 ቢሊዮን ደግሞ ለዘላቂ የልማት ግቦች ማስፈጸሚያ ተመደበ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ዋጋው ሁሉ ስለ ተለወጠ በዚያው ዓመት ወደ 582 ቢሊዮን የሚጠጋ ተጨማሪ በጀት አስፈለገ። በ2018 ዓ.ም. የጸደቀውም ከ1.9 ትሪሊዮን ብር በላይ ሆነ። የገንዘቡ ቍጥር እንዲህ ሲያድግ አከፋፈሉም አብሮ መሻሻል ይገባዋል።

በነጋዴ ቤት መዝገብ የሚይዝ ሰው በዓመቱ መጨረሻ ወጭውን በቅደም ተከተል ያሰፍራል። በመጀመሪያ ዕዳ ይከፈላል፤ ቀጥሎ መጋዘኑና መኪናው ይጠገናሉ፤ ከዚያ የተጀመረው ይፈጸማል፤ በመጨረሻም ለአዲስ ሥራ የሚተርፈው ይታያል። መንግሥት ከንግድ ቤት በብዙ ነገር ይለያል፤ ትርፍ አይፈልግም፤ ድኻውንም መጦር አለበት። በዚህ ቅደም ተከተል ግን ከንግድ ቤት ሊለይ አይገባውም የምንልበት ምክንያት እንደሚከተለው ነው።

ስለ ዕዳ ብዙ መናገር አያሻም። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ በጀት ለዕዳ ክፍያ የተያዘው 139.3 ቢሊዮን ብር ሲሆን ይህ ለካፒታል ወጭ ከተመደበው ግማሽ ያህል ነው። በታኅሣሥ 2016 ዓ.ም. አገሪቱ ለአንድ ቢሊዮን ዶላሩ ቦንድ መክፈል የነበረባትን 33 ሚሊዮን ዶላር ወለድ ሳትከፍል መቅረቷም አይዘነጋም። የመንግሥት እምነት በውጭ አገር ሲጎድል የነጋዴውም እምነት አብሮ ይጎድላል፤ የባንክ ደብዳቤው በቀላሉ አይታመንለትም።

ከዕዳ ቀጥሎ የሚመጣው ጥገና ነው፤ ከሁሉ ይልቅ የሚዘነጋውም ይኸው ነው። ይህ ነገር ለአገራችን እንግዳ አይደለም። ከጣሊያን ወረራ በኋላ የቀሩት መንገዶች ጠጋኝ አጥተው ስለ ተበላሹ፣ ኢትዮጵያ በ1943 ዓ.ም. ከዓለም ባንክ ከወሰደቻቸው የመጀመሪያ ብድሮች አንዱ፣ ማለት 5 ሚሊዮን ዶላሩ፣ መንገዶችን ለማደስና ለመጠገን የታሰበ ነበር፤ የአውራ ጎዳና ባለሥልጣንም የተቋቋመው በዚያው ዓመት ነው። በ1989 ዓ.ም. ደግሞ የመንገድ ፈንድ በአዋጅ ሲቋቋም ከነዳጅ ላይ የሚሰበሰበው ገንዘብ ለመንገድ ጥገናና ለመንገድ ደኅንነት እንዲውል ተደነገገ። አሳቡ መልካም ነው። ነገር ግን በሊትር ጥቂት ሳንቲም የሚታሰብ መዋጮ የሬንጅና የመሣሪያ ዋጋ በናረ ቍጥር ኃይሉ ይደክማል።

የዓለም ባንክ እ.ኤ.አ. በ1994 ባወጣው የልማት ሪፖርት፣ በአፍሪካ ባለፉት አሥር ዓመታት 12 ቢሊዮን ዶላር በጊዜው ለጥገና ቢወጣ ኖሮ መንገዶችን እንደገና ለመሥራት የሚያስፈልገውን 45 ቢሊዮን ዶላር ባዳነ ነበር ሲል ገልጿል። ልዩነቱን የሚከፍለው ግምጃ ቤቱ ብቻ አይደለም። ወደ ጂቡቲ የሚመላለሰው ተሳቢ ጎማውና ባሌስትራው ያለ ጊዜው ሲያልቅ፣ ነዳጁ ሲበዛ፣ ቡናው ከመርከቡ ቀን ሲዘገይ ወጭው በዕቃው ዋጋ ላይ ይጨመራል፤ በመጨረሻም በባለሱቁ ደጅ የሚገዛው ድኻ ይከፍለዋል።

የተጀመረውን ስለ መፈጸም ስኳርን ማንሳት ይበቃል። ከ2003 እስከ 2007 ዓ.ም. በቆየው የዕድገትና የትራንስፎርሜሽን ዕቅድ መጨረሻ በዓመት 2.25 ሚሊዮን ቶን ስኳር እንዲመረት ታስቦ ነበር፤ ለዚህም ብዙ ፋብሪካዎች በአንድ ጊዜ ተጀመሩ። ዘመኑ ሲፈጸም ግን አገሪቱ ስኳር ከውጭ ማስገባቷን አልተወችም። ጥቂቶቹ ተራ በተራ ቢፈጸሙ ኖሮ የፊተኛው ምርት ለኋለኛው ወጭ በረዳ ነበር። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚለው ተረት ለእንዲህ ያለው ነው።

እዚህ ላይ አንድ ስሕተት እንዳይፈጠር እንጠንቀቅ። መደበኛ ወጭ የሚባለው ሁሉ ብክነት አይደለም። የመምህሩና የጤና ባለሙያው ደመወዝ በአብዛኛው ከክልልና ከወረዳ በጀት የሚከፈል መደበኛ ወጭ ነው። መምህር የሌለው ትምህርት ቤት፣ መድኃኒት የሌለው ጤና ጣቢያ ግድግዳ ብቻ ነው፤ ሒሳብ የሚያውቅና ጤናው የተጠበቀ ሠራተኛም ለነጋዴው ከማናቸውም መሣሪያ ይበልጥበታል። ስለዚህ ቁጠባ ሲታሰብ መቀነስ ያለበት ድግሱ፣ የቅንጦት መኪናውና የታይታ ሕንጻው እንጂ ይህ ሊሆን አይገባም።

አንዳንዶች ይህ አሳብ መንገድ ያለውን አካባቢ የሚጠቅም፣ የሌለውን የሚረሳ ነው ይሉ ይሆናል። ክርክራቸው የሚናቅ አይደለም፤ ምርቱን በአህያ ጀርባ ብቻ የሚያወጣ ገበሬ ዛሬም አለ፤ ለእርሱም መንገድ ሊሠራለት ይገባል። ነገር ግን ጥገና ያልታሰበለት አዲስ መንገድ ለዚያ ገበሬ የተሰጠ የጥቂት ክረምት ስጦታ ነው። ስለዚህ የምናቀርበው አሳብ አዲስ ሥራ ይቅር የሚል አይደለም። ማናቸውም አዲስ ሥራ ለምክር ቤት ሲቀርብ በየዓመቱ የሚያስፈልገው የጥገናና የሠራተኛ ወጭ ከየት እንደሚከፈል በዚያው ሰነድ ይገለጥ፤ ይህ ያልተገለጠለትም አይጽደቅ፤ የተጀመሩትም እስከ ምን እንደ ደረሱ በየዓመቱ በግልጽ ይታወቅ የሚል ነው።

ለአዲስ ሕንጻ የመሠረት ድንጋይ ሲጣል ጭብጨባ አለ፤ የተቦረቦረ መንገድ ሲደፈን ግን የሚያጨበጭብ የለም። ጥገና ጠበቃ ያጣው ስለዚህ ነው። ጠበቃ ሊሆነው የሚገባውም በየቀኑ በመንገዱ የሚጠቀመው የንግዱ ማኅበረሰብ ነው። እንግዲህ የሚቀጥለው የበጀት ረቂቅ ሳይጸድቅ ነጋዴዎች በየምክር ቤታቸው ተሰብስበው፣ የትኛው መንገድ፣ የትኛው ድልድይ፣ የትኛው መጋዘን ምን ያህል እንዳስከሰራቸው ከመዝገባቸው አውጥተው በቍጥር ያቅርቡ። ስለ ግብር ብቻ የሚያማርር ነጋዴ አድማጭ ያጣል፤ ስለ አገር ወጭ በማስረጃ የሚናገር ግን ይሰማል።