የዛለ እግርን በወኔ ማጣት መክሰስ ይብቃን

በእግር ኳሳችን ዙሪያ አንድ የተለመደ ፍርድ አለ። ቡድን እስከ 75ኛው ደቂቃ መርቶ በ90ኛው ተሸንፎ ሲወጣ፣ ወይም ጥቅምት ላይ ያማረበት ተጫዋች ሚያዝያ ላይ ኳስ ሲሸሽ፣ የሬዲዮ ተንታኙም፣ የክለቡ ኃላፊም፣ ሻይ ቤት የተቀመጠው ደጋፊም ባንድ አፍ «ወኔ የላቸውም» ይላሉ። «የማልያ ፍቅር ጠፋ፤ ገንዘብ አበላሻቸው» የሚለው ይከተላል። ይህ ፍርድ ምስክር አይጠራም፤ ይግባኝም አያውቅም። ተከሳሹ ግን ብዙ ጊዜ የሃያና የሃያ ሁለት ዓመት ወጣት ነው። በፍርዱ ምክንያት ከቋሚ ተሰላፊነት ይወርዳል፤ ወይም ስሙን ለማደስ ሲል ሕመሙን ደብቆ ይሰለፍና ጭኑን ይዞ በቃሬዛ ይወጣል።

እኔ የምለው ሌላ ነው። ወኔ ማጣት እያልን ከምንከስሰው ድክመት አብዛኛው የልብ ሳይሆን የሥርዐት ድክመት ነው። ተጫዋቾቻችን የሚዝሉት ያለ ዕቅድ ስለሚደክሙ፣ ያለ ዕቅድ ስለሚያርፉና ያለ ዕቅድ ስለሚመገቡ ነው። ለዚህም መጠየቅ ያለበት ሜዳ ላይ የሚታየው ልጅ ሳይሆን ከሜዳው ውጭ ቀን መቁጠሪያውን፣ የልምምድ ሰዓቱንና የምግብ በጀቱን የያዘው ወገን ነው።

በትርጉም ሥራ የሚተዳደር ሰው ቃል ላይ መቆሙ አይቀርምና፣ ነገሩን ከቃል ልጀምር። የስፖርት ሥልጠና መጻሕፍትን ወደ አማርኛ የሚመልስ ሰው ቶሎ የሚጋጨው «ብቃት» ከሚለው ቃል ጋር ነው። ኳስ የመጫወት ችሎታን ብቃት እንለዋለን። የተጫዋቹን ወቅታዊ አቋምም ብቃት እንለዋለን። ስፖርተኞች ፊትነስ የሚሉትን የሰውነት ዝግጁነትንም እንዲሁ። ሦስቱ ግን ለየቅል ናቸው። ችሎታ በዓመታት ይገነባል፤ በሦስት ሳምንትም አይጠፋም። የሰውነት ዝግጁነት በሳምንታት ይገነባል፤ በሳምንታትም ይፈርሳል። ድካም ደግሞ በሰዓታት ይመጣል፤ በቀናትም ይለቃል። «ብቃቱ ወርዷል» ብለን ስንጽፍ የትኛውን ማለታችን ነው? ቃሉ ሦስቱን ስለደባለቀልን እኛም ፍርዱን ደባለቅነው፤ ሁለት ቀን ማረፍ የሚያስፈልገውን ልጅ ችሎታ የለውም ብለን እናሰናብተዋለን።

ነገሩን በምሳሌ እንየው። ከ31 ዓመት በኋላ ለአፍሪካ ዋንጫ የበቃው ብሔራዊ ቡድናችን ጥር 13 ቀን 2005 ዓ.ም. በደቡብ አፍሪካዋ ኔልስፕሩት ከዋንጫው ባለቤት ከዛምቢያ ጋር ተጫወተ። የመጀመሪያው አጋማሽ ሳያልቅ ግብ ጠባቂው ጀማል ጣሰው በቀይ ካርድ ወጣ። ዋልያዎቹ ከአጋማሽ ጨዋታ በላይ በ10 ሰው ሮጡ፤ በአዳነ ግርማ ጎልም 1 ለ 1 ወጡ። በአራተኛው ቀን ከቡርኪና ፋሶ ጋር በዚያው ከተማ ገጠሙ። በዚህ ጨዋታ በ60ኛው ደቂቃ ገደማ በቀይ ካርድ የወጣው የተጋጣሚው ግብ ጠባቂ ነበር። ይሁንና ቡርኪናዎቹ በ10 ሰው ሆነው ከ74ኛው ደቂቃ ጀምሮ 3 ጎል ጨምረው 4 ለ 0 አሸነፉ። ጥር 21 ቀን በሩስተንበርግ ናይጄሪያ በመጨረሻዎቹ 10 ደቂቃዎች በተገኙ ሁለት ፍጹም ቅጣት ምቶች 2 ለ 0 ረታችን። በሦስቱ ጨዋታዎች ከተቆጠሩብን 7 ጎሎች 5ቱ የገቡት ከ70ኛው ደቂቃ በኋላ ነው።

እርግጥ ነው፣ ጎል በብዙ ምክንያት ይገባል፤ ሁሉንም በድካም አላሳብብም። ነገር ግን ወኔ የሌለው ቡድን የአፍሪካን ሻምፒዮን በጎደለ ሰው አሳድዶ እኩል ይወጣል? በአራት ቀን ውስጥ ወኔ ከሰው ልብ ተንኖ ይጠፋል? የተነነው ሌላ ነገር ነው። አንድ ተጫዋች በ90 ደቂቃ ከ10 እስከ 12 ኪሎ ሜትር ይሸፍናል፤ የሚጎዳው ግን ርቀቱ ብቻ ሳይሆን በየመሐሉ የሚደረገው ፈጣን ሩጫ፣ ድንገተኛ ማቆምና መዞር ነው። ጡንቻ ውስጥ የተከማቸው የስኳር ስንቅ ይሟጠጣል፤ የጡንቻ ጭረቶችም ይላላጣሉ። ይህ ሁሉ ተመልሶ እንዲሟላ በጥሩ ምግብና እንቅልፍ እንኳ ከ48 እስከ 72 ሰዓት ይፈልጋል። በጎደለ ሰው የተጫወተ ደግሞ የሌላውንም ድርሻ ሮጧልና ዕዳው ይበልጣል።

የሚያስገርመው ይህ ሁሉ ለእኛ እንግዳ ዕውቀት አለመሆኑ ነው። ገበሬያችን በሬውን ማለዳ ይጠምዳል፤ ፀሐይ ስትከር ጥማድ ይፈታል። በዓል ሲሆን ያሳርፈዋል፤ የእርሻ ወራት ሳይደርስም አስቀድሞ ይቀልበዋል። በሬው ትልም መሐል ቢተኛበት «ወኔ የለህም» ብሎ አይሰድበውም፤ ምን እንዳበላውና ምን ያህል እንዳረሰበት ያስባል። ረጅም ርቀት ሯጮቻችንም በዚሁ ጥበብ ነው ዓለምን ያሸነፉት። በእንጦጦና በሱሉልታ የሚሮጡት በየቀኑ እስኪወድቁ አይሮጡም፤ ከከባድ ቀን በኋላ ቀላል ቀን አላቸው። ስመ ጥር የማራቶን ሯጭ በዓመት የሚሮጠው ብዙውን ጊዜ ሁለት ማራቶን ነው፤ ወራቱን ሁሉ ወደነዚያ ሁለት ቀናት አስልቶ ይኖራል። በአንድ አገር፣ በአንድ አየር፣ አንዳንዴም በአንድ ስታዲየም የሚለማመዱት የእግር ኳስ ልጆች ግን በ70ኛው ደቂቃ እግራቸው ይታሰራል። የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው ማለት ይህ ነው።

ሊጋችንን እንይ። ፕሪሚየር ሊጉ በ2013 ዓ.ም. የውድድር ዘመን ቡድኖችን በአንድ ከተማ ሰብስቦ ማጫወት ጀመረ፤ በዚያ ዓመት አዲስ አበባ፣ ጅማ፣ ባሕር ዳር፣ ድሬዳዋና ሐዋሳ ተራ በተራ አስተናገዱ። ጨዋታዎቹ በቴሌቪዥን እንዲታዩ ረድቷል፤ የረጅም መንገድ የአውቶቡስ ጉዞንም ቀንሷል። ይህን ጥቅም አልክድም። ግን ሌላም ነገር አመጣ። ጨዋታዎች በየጥቂት ቀኑ ይደራረባሉ፤ ቀጥሎ ሊጉ ለሳምንታት ይቋረጣል፤ ከዚያ እንደገና ይደራረባል። ቡድኑም ከአዲስ አበባ ከ1,000 ሜትር በላይ ዝቅ ወዳለችው ድሬዳዋ ወርዶ በሙቀት ይጫወታል። እንዲህ ያለው ዓመት ከሌላው ይልቅ የታሰበበት የጭነት ዕቅድ ይሻል፤ በዕረፍቱ ሳምንታት ሰውነት እንዳይፈርስ፣ በድርርቡ ሳምንታት እንዳይሰበር። በብዙ ክለቦች የሚታየው ግን ተቃራኒው ነው። ዝግጅቱ ዘግይቶ ይጀመራል፤ አዲስ የፈረሙት ልጆች የሁለት ወሩን ሥራ በሁለት ሳምንት እንዲጨርሱ ይደረጋል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይሉ የለም አበው? ከሽንፈት በማግሥቱ ደግሞ ቡድኑን ጎሕ ሳይቀድ ቀስቅሶ ዳገት ማስሮጥ አለ፤ ጡንቻው ገና በቆሰለበት ሰዓት! ይህ ቅጣት እንጂ ሥልጠና አይደለም።

«እኛ ተጫዋቹን ዓይኑን አይተን እናውቀዋለን» የሚሉ አሠልጣኞች አሉ። ዓይን ግን ይታለላል። እ.ኤ.አ. በ2010 በአንድ የአውሮፓ ክለብ ላይ ተሠርቶ የታተመ ጥናት በሳምንት አንድ ጊዜ የተጫወቱበትን ጊዜ ሁለት ጊዜ ከተጫወቱበት ጋር አነጻጽሮ ነበር። በሜዳ ላይ የሮጡት ርቀት እምብዛም አልተለየም። የጉዳቱ መጠን ግን በሳምንት ሁለቴ ሲጫወቱ ከስድስት እጥፍ በላይ ሆኖ ተገኘ። ልጁ ሲሮጥ ስላየነው ደኅና ነው ማለት አይደለም፤ ሰውነቱ የሚከፍለውን ዕዳ የምናውቀው ሲወድቅ ነው።

ስለ ጾምም መናገር ግድ ነው፤ ብዙ ሰው የሚሸሸው ርእስ ቢሆንም። የሊጋችን ተጫዋቾች ክርስቲያኖችም ሙስሊሞችም ናቸው፤ በ2017 ዓ.ም. ዐቢይ ጾምና ረመዳን በአንድ ሳምንት ውስጥ ተከታትለው ገቡ። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ የሚውለውም የውድድር ዘመኑ በሚከርበት ወራት ነው። ተጫዋቹን «አትጹም» ማለት የማንም ሥልጣን አይደለም። ሆኖም የሚጾም ልጅ ባለበት ቡድን ውስጥ ከባዱን ልምምድ በቀትር ማድረግ ምን የሚሉት አመራር ነው? ሰዓቱን ወደ መፍቻው ማቅረብ፣ በጾሙ ማዕድ ምስሩን፣ ሽሮውን፣ ባቄላውንና አትክልቱን ማብዛት፣ ለረመዳን ጿሚ ሌሊት የሚበላውንና የሚጠጣውን አስቀድሞ ማዘጋጀት፣ የእንቅልፍ ሰዓቱንም ማስተካከል ይቻላል። ይህ የሃይማኖት ጥያቄ አይደለም፤ የወጥ ቤትና የሰዓት ጥያቄ ነው።

«ገንዘብ የለንም» የሚለው መልስ እንደሚመጣ አውቃለሁ። በተጫዋች ጀርባ ላይ የሚታሰረውን የሳተላይት መቆጣጠሪያ መግዛት ለብዙ ክለቦች ከባድ መሆኑ እውነት ነው። ዋናው ነገር ግን መሣሪያው አይደለም፤ ደብተርና እስክሪብቶ ይበቃል። ከልምምድ በኋላ እያንዳንዱን ተጫዋች «ከ0 እስከ 10 ምን ያህል ከበደህ?» ብሎ መጠየቅ፤ መልሱን በልምምዱ ደቂቃ ማባዛት። የ90 ደቂቃ ልምምድ 7 ከተሰጠው ጭነቱ 630 ነው። ይህን በሳምንት ደምሮ፣ የዚህኛው ሳምንት ካለፉት በድንገት እንዳይዘል መጠበቅ ነው። ጧት ጧት ደግሞ ስለ እንቅልፉና ስለ ጡንቻው ሕመም መጠየቅ። ከልምምድ በፊትና በኋላ በሚዛን ላይ ማቆም፤ የጎደለው ክብደት የጎደለው ውኃ ነውና። ፊፋ ያሠራጨው «11 ፕላስ» የተባለው የማሟሟቂያ ልምምድም 20 ደቂቃ ያህል ብቻ ይፈጃል፤ ከኳስ በቀር ዕቃ አይፈልግም፤ ዘወትር ሲሠራበት ጉዳትን በሲሦ ገደማ እንደሚቀንስ በጥናት ታይቷል። አምስት ተጫዋች መቀየርም እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ በጨዋታው ሕግ ጸንቷል። አምስቱን ቅያሪ ይዞ እስከ 85ኛው ደቂቃ የሚቀመጥ አሠልጣኝ ያጣው ገንዘብ አይደለም።

ሌላው ሙግት «ሀብታሞቹም ይጎዳሉ» የሚል ነው። እውነት ነው። የማንችስተር ሲቲው ሮድሪ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2024 ተጫዋቾች ከጨዋታ ብዛት የተነሣ ሥራ ለማቆም ተቃርበዋል ብሎ ተናገረ፤ ሳምንት ሳይሞላው የጉልበቱ ጅማት ተበጥሶ ወጣ። ነገር ግን ልዩነቱን እናስተውል። እሱ ሲናገር ዓለም ሰማው፤ ሲጎዳም ሐኪሙም ደመወዙም አልተለዩትም። በዚያው ዓመት ጥቅምት የተጫዋቾች ማኅበሩ የአውሮፓ ክንፍና የአውሮፓ ሊጎች በፊፋ የቀን መቁጠሪያ ላይ ለአውሮፓ ኮሚሽን አቤቱታ አቀረቡ። የእኛ ልጅ «ደክሞኛል» ቢል ማን ይሰማዋል? ቢናገር «ሰነፍ» ይባላል፤ ዝም ቢል ይሰበራል። ተሰብሮ ሲቀመጥም የመታከሚያውን ገንዘብ ብዙ ጊዜ የሚያዋጡለት ጓደኞቹ ናቸው።

ተጫዋቹም የራሱ ግዴታ አለበት። ሌሊቱን በጫትና በመጠጥ ያነጋን ልጅ የትኛውም ዕቅድ አያድነውም፤ እሱን መገሠጽ ተገቢ ነው። ግን ጥፋተኛውን ከንጹሑ መለየት የምንችለው መዝገብ ሲኖረን ብቻ ነው። መዝገብ በሌለበት ቤት ሰነፉም ታታሪውም እኩል «ወኔ የለሽ» ይባላሉ።

ስለዚህ የምንጠይቀው ብዙ አይደለም። የሊጉ አመራር በሁለት ጨዋታዎች መካከል ቢያንስ ሦስት ሙሉ ቀን የሚሰጥና ዓመቱን አስቀድሞ የሚያሳውቅ የቀን መቁጠሪያ ያውጣ። ክለቦች ከአንድ የውጭ አገር አጥቂ ፊርማ በፊት አንድ የአካል ብቃት ባለሙያና አንድ ፊዚዮቴራፒስት ይቅጠሩ። አሠልጣኞች የድካም መዝገብ ይያዙ፤ ሲሰናበቱም ለተተኪው ያስረክቡ። ተንታኞችና ጋዜጠኞች ደግሞ «ወኔ» የሚለውን ቃል ከመወርወራቸው በፊት ቡድኑ በስንተኛው ቀኑ እንደተጫወተ ይቁጠሩ። እኛ በናይሮቢም ሆነ በጅቡቲ፣ በካምፓላም ሆነ በአዲስ አበባ የቡድናችንን ውጤት በጭንቀት የምንጠብቅ ደጋፊዎችም ቆጥረን እንፍረድ። የእግር ኳስ ዕድሜ አጭር ነው፤ ከ10 ዓመት ብዙ አይዘልም። ያንን ዕድሜ በስንፍናችን አሳጥረን ስናበቃ ልጁን «ወኔ የለህም» ማለት በደል ነው።